ግድብ አለው የተባለ መሬት፦ ውሃው ዋጋ ያወጣል፣ አደጋውስ የማን ነው?

በዋግ ኽምራ ዝናቡ በአብዛኛው በሐምሌና በነሐሴ ተጠቃሎ ስለሚያልፍ፣ ከመስከረም በኋላ ውሃ የያዘ ሰው የገበያው ጌታ ነው። በመሆኑም በጋዝጊብላም ሆነ በሌላው የሰቆጣ ዙሪያ ደጋ በመስኖ ሥራ ለመሰማራት የሚያስብ ባለሀብት ከደላላው አፍ በመጀመሪያ የሚሰማው ቃል «ግድብ አለው» የሚል ቢሆን አያስገርምም። ቃሉ ዋጋ ይጨምራል። ለመሆኑ ግን «ግድብ አለው» ሲባል የሚገዛው ነገር ምንድን ነው?

መሬቱ አይደለም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 መሬት የማይሸጥና የማይለወጥ መሆኑን ደንግጓል። ውሃውም አይደለም። አዋጅ ቁጥር 197/1992 የአገሪቱን የውሃ ሀብት የሕዝብና የመንግሥት የጋራ ሀብት አድርጎታል፤ ከባህላዊ መስኖና በእጅ ከሚቆፈር ጉድጓድ ከመሳሰሉት በቀር የውሃ ሥራ ለመገንባትም ሆነ በውሃው ለመጠቀም ፈቃድ ያስፈልጋል። እንግዲህ ለባለይዞታው የሚቀረው በገንዘቡና በጉልበቱ የቆለለው አፈር ነው።

አፈሩ ደግሞ ንብረት ብቻ ሳይሆን ዕዳም ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2069 የመሬትን አቀማመጥ በመለወጥ ሌላውን ሰው ለአደጋ ያጋለጠ ሰው፣ አደጋው በደረሰ ጊዜ ኃላፊ እንደሚሆን ይናገራል። ጥፋት መሥራቱ መረጋገጥ የለበትም። አንቀጽ 2086 ደግሞ «ከአቅም በላይ ነበር» የሚለውን በር ይዘጋዋል፤ የሚያድነው ተጎጂው ራሱ አጥፍቶ ከሆነ ብቻ ነው። ሸለቆ ዘግቶ የአፈር ኮረብታ መሥራት የመሬትን አቀማመጥ መለወጥ አይደለም ብሎ ለመሟገት ብርቱ ጠበቃ ያሻል።

ነገሩ የወረቀት ስጋት ብቻ አይደለም። በኬንያ ሶላይ በተባለ ቦታ በአንድ የግል እርሻ ውስጥ የነበረ የአፈር ግድብ ግንቦት 1 ቀን 2010 ዓ.ም. ማታ ተደርምሶ ከሥሩ የነበሩ ከ40 በላይ ሰዎችን ገድሏል። ከዚያ እጅግ የከፋው በአሜሪካ፣ በጆንስታውን ከተማ፣ በግንቦት 1881 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1889) የደረሰው ነው። ግድቡ የባለጸጎች የመዝናኛ ክበብ ንብረት ነበር። ሠረገላ እንዲያልፍበት አናቱን ዝቅ አድርገውት፣ ዓሣ እንዳያመልጥም ማስተንፈሻው ላይ ወንፊት አድርገውበት ነበር። ውሃውን ዝቅ ማድረጊያ ቧንቧዎችም ቀደም ሲል ተነቅለው ተሸጠዋል። ኃይለኛ ዝናብ ሲመጣ ውሃው በአናቱ ፈሰሰ፤ ከ2,200 በላይ ሰው አለቀ።

የአፈር ግድብ ከሲሚንቶ ግድብ የሚለየው እዚህ ላይ ነው። የተከዜ ግድብ 188 ሜትር ቁመት ያለው የኮንክሪት ግንብ ነው፤ ውሃ በአናቱ ቢያልፍ ቶሎ አይታጠብም። የአፈር ግድብ ግን በአናቱ የሚያልፍ ውሃ በሰዓታት ውስጥ ሊቆርጠው ይችላል። ስለዚህ ወደ ግድቡ የሄደ ገዢ ውሃውን ከማድነቁ በፊት በጎን በኩል ያለውን የጎርፍ ማስተንፈሻ ይመልከት። ጥቂት ውሃ ለመጨመር ሲባል በድንጋይና በአሸዋ ከረጢት የተደፈነ ማስተንፈሻ ካየ፣ ያ ግድብ የክረምት አደጋ ነው። የፍየልና የከብት መሄጃ ሆኖ መሃሉ የጎደጎደ አናትም እንዲሁ ነው፤ ውሃው የሚያልፈው በጎደጎደው በኩል ነውና።

ሁለተኛው አደጋ ከውስጥ ነው። ስርገት የሌለበት የአፈር ግድብ የለም ማለት ይቻላል። በግርጌው የሚወጣው ውሃ ጥርት ያለና መጠኑ የማይለዋወጥ ከሆነ በየጊዜው እየለኩ መከታተል ይበቃል። ከደፈረሰ ግን ውሃው አፈሩን ከውስጥ እየበላ፣ ዋሻ እየሠራ ነው፤ ጊዜ አይሰጥም፣ ከሥር ያለውን ሰው ማንሳትና ውሃውን ዝቅ ማድረግ ይገባል። የጃርት ጉድጓድ፣ በግድቡ ጀርባ የበቀለ ዛፍ ሥርና በማውጫው ቱቦ ዙሪያ በደንብ ያልተጠቀጠቀ አፈር ለዚህ መንገድ ይከፍታሉ። በዋልካ አፈር የተሠራ ከሆነ በበጋ ስንጥቁን ማየት ያስፈልጋል፤ የመጀመሪያው ጎርፍ የሚገባው በዚያ ነው።

ደላላው ግድቡን በመስከረም፣ ሞልቶ ሳለ ያሳያል። አስተዋይ ገዢ በሚያዝያም ይመለሳል። ምክንያቱም ከውሃው ሥር ደለል አለ። በ1980ዎቹ መጨረሻና ከዚያ በኋላ በትግራይ በተሠሩ አነስተኛ ግድቦች ላይ የተደረጉ ጥናቶች ደለልንና ስርገትን ከዋነኞቹ ችግሮች መካከል አግኝተዋል። ለጎንደር ከተማ ውሃ የሚያጠራቅመው የአንገረብ ግድብም በደለል ክፉኛ ተጎድቷል። ዛፍ ከተራቆተ ተዳፋት በታች ያለ ኩሬ ከዚህ ዕጣ ያመልጣል ብሎ መተማመን አይቻልም።

ለምሳሌ ያህል እናስላ። አንድ ሄክታር የሚሸፍን፣ በጥልቁ ቦታ 6 ሜትር የሚደርስ ኩሬ ሲሞላ በግምት 20,000 ሜትር ኩብ ይይዛል (ስፋቱ በጥልቀቱ ተባዝቶ ለሦስት ይካፈላል)። ሩቡን ደለል ወስዶት ከሆነ 15,000 ይቀራል። በበጋው ፀሐይና ስርገት ሌላ 5,000 ይጠፋል እንበል። አንድ ሄክታር ሽንኩርት በአንድ ወቅት ወደ 5,000 ሜትር ኩብ ውሃ ሲፈልግ፣ ያልተለሰነ የአፈር ቦይ ደግሞ ከሚገባበት ግማሹን ሊያስቀር ይችላል። እንግዲህ የቀረው 10,000 የሚያጠጣው አንድ ሄክታር ብቻ ነው። በሻጩ አፍ ግን ይህ ኩሬ ሦስትና አራት ሄክታር ያጠጣል።

ከውል በፊት የውሃ ሥራ ፈቃዱን፣ የዲዛይን ሰነዱንና አፈሩ በምን እንደተጠቀጠቀ የሚያሳይ ማስረጃ መጠየቅ ነውር አይደለም። ሰነዱ ከሌለ የሚቀጠር የውሃ መሐንዲስ ክፍያ ከዋጋው ላይ ሊቀነስ ይገባል። ከግድቡ በታች ስንት ቤት እንዳለ፣ በክረምት ሌሊት ማስተንፈሻውን የሚጠብቀው ማን እንደሆነና ደመወዙን ማን እንደሚከፍል በውሉ ላይ በስም ይጻፍ። ሻጩ በዚህ ቅር ካለው ሚያዝያ እስኪመጣ መጠበቅ ይሻላል።