ብድሩ በማን ስም፣ ገንዘቡ በማን እጅ?

ስለ ገጠር ሴቶች ሥራና ገቢ በተነሳ ቁጥር ቀድሞ የሚመጣው መልስ ብድር ነው። የባንግላዴሹ ግራሚን በ1976 ዓ.ም ባንክ ሆኖ ከተቋቋመ ወዲህ፣ መያዣ ለሌላት ድሃ ሴት ጎረቤቶቿን ዋስ አድርጎ ማበደር በብዙ ታዳጊ አገሮች ተዛምቷል። ባንኩና መሥራቹ መሐመድ ዩኑስ በ1999 ዓ.ም የኖቤል የሰላም ሽልማት ሲያገኙ ደግሞ መንገዱን የሚጠራጠር ሰው ጠፋ።

ኢትዮጵያም በአዋጅ ቁጥር 40/1988 ለአነስተኛ ብድር ተቋማት ሕጋዊ መሠረት ጣለች። በአማራ ክልል አብቁተ፣ በትግራይ ደደቢት፣ በሌሎቹም ክልሎች መሰሎቻቸው የባንክ ደጃፍ ረግጠው የማያውቁ ገበሬዎችን ተበዳሪ አደረጉ። ጥቂት ጎረቤታሞች ይሰባሰባሉ፣ እርስ በርስ ዋስ ይሆናሉ፣ አንዷ መክፈል ካቃታት ሌሎቹ ይሸፍናሉ። አብቁተ ዛሬ ጸደይ ባንክ ሆኗል። ይህ የብድር ሥራ ብዙ ሰው ከአራጣ አበዳሪ እጅ አውጥቷልና ማጣጣል አይገባም።

ጥያቄው ግን ሴቶቹ በብድሩ ምን አተረፉ የሚለው ነው። በአማራና በኦሮሚያ ገጠሮች ከ1995 እስከ 1998 ዓ.ም ድረስ የተካሄደ ጥናት፣ ብድር ቀድሞ የሚገባባቸውን ቀበሌዎች በዕጣ ለይቶ ከሌሎቹ ጋር አነጻጽሮ ነበር። የተበዳሪው ቁጥር በእርግጥ ጨምሯል። የቤተሰቡ ገቢና ሴቶቹ በቤታቸው ጉዳይ የመወሰን አቅማቸው ግን እምብዛም ለውጥ አላሳየም። በሕንድ፣ በሞሮኮ፣ በሜክሲኮ፣ በሞንጎሊያና በቦስኒያ የተሠሩ ተመሳሳይ ጥናቶችም ብድር ብቻውን ድህነትን ሲቀርፍ አላገኙትም።

ለምን? ምክንያቱ የሚጀምረው ከንብረት ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ባልን የቤተሰብ አስተዳዳሪ፣ የጋራ ንብረትም አዛዥ አድርጎት ነበር። ይህን የለወጠው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992 ነው። በመሬት በኩል ትግራይ በ1990 ዓ.ም ይዞታ መመዝገብ ስትጀምር የይዞታ ደብተሩን የሰጠችው በአባወራው ወይም በእማወራዋ ስም ነበር። መበለቲቱና የፈታችው ሴት በዚህ ተጠቀሙ፤ ባለትዳሯ ግን ከደብተሩ ውጭ ቀረች። በ1995 ዓ.ም ምዝገባ የጀመረው የአማራ ክልል የባልና የሚስትን ስም፣ ፎቶግራፋቸውንም ጭምር አንድ ደብተር ላይ አኖረ። በእኔ እምነት ያ ፎቶግራፍ ለገጠሯ ሴት ከተሰጡት ነገሮች ሁሉ ትልቁ ነው። ትዳሩ ቢፈርስ ድርሻዋን ለመጠየቅ ሽማግሌ መለመን አይጠበቅባትም።

ደብተር ይዞ መገኘትም ቢሆን ማረስ ማለት አይደለም። በሬ ጠምዶ ማረስ የወንድ ሥራ ነው በሚባልበት አገር፣ ወንድ የሌለባት እማወራ መሬቷን ለእኩል አራሽ ትሰጣለች። ከገዛ መሬቷ ምርት ግማሹ፣ አንዳንዴም ከዚያ የሚበልጠው ከደጇ ይወጣል። ባለትዳሯ ደግሞ በስሟ የተበደረችው ገንዘብ ማዳበሪያ ይገዛበታል ወይም በሬ ይሆናል። ቤተሰቡ ሊጠቀም ይችላል፤ ዕዳው ግን የእሷ ነው፣ የምትወስንበትም ገንዘብ አይደለም።

በእርግጥ የእሷ የሆነው ገንዘብ ብዙ ጊዜ የእንቁላልና የዶሮ ነው። በገበያ ቀን አንድ ሁለት ዶሮ፣ ጥቂት እንቁላል ይዛ ትወጣለች፤ ጨው፣ ዘይት፣ የልጅ ደብተር ገዝታ ትመለሳለች። ማንም አይቆጣጠራትም። እንግዲህ የብድር ሠራተኛው ዶሮ እርባታን ቢመክራት ምክሩ ትክክል ነው። ችግሩ ፈንግል የሚባለው የዶሮ በሽታ ነው። ፈንግል መንደር ከገባ ካልተከተቡት ዶሮዎች አብዛኞቹ በጥቂት ቀናት ውስጥ ያልቃሉ፤ ብድሩ ግን ይቆያል።

መከላከያው አለ። ክትባቱ አገር ውስጥ፣ ቢሾፍቱ ይመረታል፤ ሙቀት የሚችል፣ በዶሮዋ ዓይን ላይ ጠብ የሚደረግ ዓይነትም አለው። ሆኖም አንድ ብልቃጥ ለብዙ ዶሮዎች የሚበቃ ነው፣ ከተከፈተም በኋላ ለነገ አይቀመጥም። አምስት ዶሮ ያላት ሴት ብቻዋን ገዝታ ምን ታደርገዋለች? ስለዚህ መንደሩ አንድ ቀን ቆርጦ በአንድነት ማስከተብ አለበት፤ ዓይን ላይ ጠብ ማድረጉን ከሴቶቹ መካከል የሠለጠነች አንዷ ልትሠራው ትችላለች፣ ለእሷም ገቢ ይሆናታል። ይህ ከብድሩ ጋር አብሮ ሲታቀድ የሚታየው ግን ጥቂት ቦታ ነው።

የጊዜ ጉዳይም አለ። ውኃ ቀድታ፣ እንጨት ለቅማ፣ እህሏን ሩቅ ወፍጮ ቤት አድርሳ የምትመለስ ሴት ለንግድ የሚተርፋት ሰዓት ትንሽ ነው። ቅርብ የሆነ ወፍጮና የውኃ ቦኖ በሴቶች ሥራ ፈጠራ ሪፖርት ላይ አይቆጠሩም፤ ሊቆጠሩ ይገባል። በ2004 ዓ.ም የተጀመረውና በዓለም ባንክ ብድር የተደገፈው ትልቁ የሴቶች ሥራ ፈጣሪዎች ፕሮጀክት እንኳ ያተኮረው በከተሞች ላይ ነበር።

አሁን ደግሞ አዲስ ምዕራፍ መጥቷል። አዋጅ ቁጥር 1147/2011 ከብትና እህልን የመሰለ ተንቀሳቃሽ ንብረት ለብድር መያዣ እንዲሆን ፈቅዷል። አዋጅ ቁጥር 1324/2016 ደግሞ የገጠር መሬት የመጠቀም መብት በመያዣነት እንዲቀርብ በር ከፍቷል። ዕድሉ ትልቅ ነው፤ አደጋውም የዚያኑ ያህል። የሚስት ስምምነት በፊርማ ብቻ ከቀረ፣ ያልመከረችበት ብድር የምትኖርበትን መሬት ይዞባት ሊሄድ ይችላል።

አበዳሪዎች ሆይ፣ ውሉን ከማስፈረማችሁ በፊት ሚስቲቱን ለብቻዋ አነጋግሯት፣ በምትረዳው ቋንቋ አስረዷት። የወረዳ ኃላፊዎችም በዓመቱ ሪፖርታችሁ የተበዳሪ ሴቶችን ቁጥር ስትጽፉ፣ ገንዘቡ በማን እጅ እንደዋለ ጠይቃችሁ እሱንም አብራችሁ ጻፉ።