የወደቀ ወታደር የማይነሣበት ጨዋታ

ሰንጠረዥ የሚጫወት ሰው ወታደሩ ቢበላበት ቅር ይለው ይሆናል እንጂ እንቅልፍ አያጣም። ጨዋታው ሲያልቅ የተበላውም ያልተበላውም ተሰብስቦ ወደ ቦታው ይመለሳል። ወታደሩም ስም የለው፣ ዘመድ የለው፣ ከጎኑ ከቆመው የሚለይበት ነገር የለው። ለመሆኑ እያንዳንዱ ወታደር የራሱ ስምና ታሪክ ቢኖረው፣ አንድ ጊዜ ከወደቀም ተመልሶ ባይነሣ፣ ጨዋታው ምን ይመስል ነበር?

ለዚህ ጥያቄ መልስ የሚሰጥ የቪዲዮ ጨዋታ እ.ኤ.አ. አፕሪል 20 ቀን 1990 በጃፓን ለገበያ ቀረበ። ስሙ «ፋየር ኢምብለም» ይባላል። የሠራው ኢንተለጀንት ሲስተምስ፣ ያከፋፈለው ደግሞ ኒንቴንዶ ሲሆን፣ የሐሳቡ አመንጪ ሾዞ ካጋ ነው። በዚያን ጊዜ የጦር ስልት ጨዋታዎች ለብቻ፣ ገጸ ባሕርያት በጉዞ ላይ እየበረቱ የሚሄዱባቸው የታሪክ ጨዋታዎችም ለብቻ ሆነው ይታዩ ነበር። ካጋ ሁለቱን አንድ ላይ አጋባቸው።

ታሪኩ ለስደተኛ ጆሮ እንግዳ አይደለም። አልቴያ የተባለች አገር በጠላት እጅ ትወድቃለች። ወጣቱ ልዑል ማርስ ከጥቂት ታማኞቹ ጋር ሸሽቶ ታሊስ በተባለች ደሴት ይጠለላል። ከዓመታት በኋላም አገሩን ለማስመለስ ይነሣል። ተጫዋቹ የሚመራው ይህንኑ ጥቂት ሰው ነው። ሜዳው እንደ ሰንጠረዥ በአራት ማዕዘን የተከፋፈለ ነው፤ አንዱ ወገን ሰዎቹን ሁሉ አንቀሳቅሶ ሲጨርስ ተራው የሌላው ይሆናል።

የጨዋታው ፈተና የሚጀምረው ከራስ ወገን ሰዎች ነው። ጄጋን የተባለው ሽማግሌ ፈረሰኛ ከመጀመሪያው ኃይለኛ ስለሆነ፣ ሁሉን ለእሱ መተው ጀማሪን ያጓጓል። ዳሩ ግን ልምድ የሚያገኘው የተዋጋው ሰው ነው። ሽማግሌው ጠላትን ሁሉ ከጨረሰ ወጣቶቹ ሳይበረቱ ይቀራሉ፤ እሱ ደግሞ ከዚያ በላይ እምብዛም አያድግም። ስለዚህ አዛዡ ደካማዎቹን ወደ ፊት ማውጣት ግድ ይለዋል። አደጋው ያለውም እዚያው ላይ ነው።

የታሊስ ልዕልት ሺዳ በክንፋም ፈረስ እየበረረች ወንዝና ተራራ ትሻገራለች፤ ቀስተኛ ካገኛት ግን አለቀላት። የሷ ትልቁ ኃይል አንደበቷ ነው። ከሽፍቶች ጋር የተሰለፈውን ጎራዴኛ ናቫርን ቀርባ ብታናግረው ወገኑን ለውጦ ከማርስ ጦር ጋር ይቀላቀላል። ቸኩሎ የገደለው ተጫዋች ግን አንድ ጠላት ቀነስኩ ሲል አንድ ወዳጅ አጥቷል።

ማርስ ከሞተ ጨዋታው ያበቃል። ሌላው ሰው ቢሞት ግን ጦርነቱ ያለ እሱ ይቀጥላል። ይህም ሕግ ብዙ ተጫዋቾችን አንድ ልማድ አስተምሯል። ጦርነቱን ሊያሸንፉ ጥቂት ሲቀራቸው አንድ ሰው ከወደቀ ማሽኑን ያጠፉና ምዕራፉን ከመጀመሪያው ይደግሙታል። ማንም አላስገደዳቸውም፤ ድሉም በእጃቸው ነበር። ዋጋው ስለከበዳቸው ብቻ ይተዉታል። በጨዋታው ማብቂያ ገደማ ከሞቱት መካከል አንዱን ብቻ የሚያስነሣ በትር አለ። ብዙ ሰው ለሞተበት አዛዥ ይህ ስጦታም ፈተናም ነው፤ ማንን ይምረጥ?

እንዲህ ያለው ጨዋታ ዝግ ያለና ብዙ ማንበብ የሚጠይቅ በመሆኑ፣ ለሁሉም ሰው የሚስማማ አልሆነም። ለ13 ዓመታት ከጃፓን ሳይወጣ ቆይቶ አሜሪካ የገባው በ2003 ነው። ለዚህም መንገድ የጠረገለት ማርስና ሮይ የተባሉት ጀግኖቹ በ2001 በወጣው ሌላ የኒንቴንዶ የድብድብ ጨዋታ ውስጥ መታየታቸው ነው። በ2012 በጃፓን የወጣው «አዌክኒንግ» የተባለው እትም ገበያ ካላገኘ የመጨረሻው እንዲሆን ታስቦ ነበር፤ እሱ ግን ተከታታዩን ከሞት አዳነው። ከ2010 ጀምሮም የወደቀው ሰው በሚቀጥለው ምዕራፍ የሚመለስበት ቀለል ያለ አማራጭ ተጨምሯል። ያም ሆኖ ብዙ ነባር ተጫዋቾች እስከ ዛሬ የሚመርጡት የጥንቱን ሕግ ነው።

«ያሸነፍከውን ጨዋታ ለምን ትደግማለህ?» ብሎ ልጁን የሚቆጣ ወላጅ፣ ከመቆጣቱ በፊት ማን እንደሞተበት ቢጠይቀው መልካም ነው። ልጁ ምናልባት ስሙን፣ የመጣበትን አገርና የወደቀበትን ስፍራ ሳይሳሳት ይነግረው ይሆናል። በአብዛኞቹ እትሞች መጨረሻ ላይ የተረፉት ሰዎች እያንዳንዳቸው በኋላ ምን እንደሆኑ በየስማቸው ይነገራል፤ አንዱ አገሩ ገባ፣ ሌላዋ ትዳር ያዘች፣ ሌላው የት እንደደረሰ አልታወቀም። አዛዡ ያንን ዝርዝር ሲያነብ የጎደለው ማን እንደሆነ ከእሱ የተሻለ የሚያውቅ የለም።