«ትችያለሽ!» የሚለው ማስታወቂያ እንዴት ይሠራል?

እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣው የኦልዌይስ ሞዴስ ማስታወቂያ ስለ ሞዴሱ ጥራትም ሆነ ዋጋ ምንም አያወራም። ዳይሬክተሯ ሎረን ግሪንፊልድ ካሜራ ፊት የቆሙትን ወጣቶች «እስቲ እንደ ሴት ልጅ ሩጡ» ትላቸዋለች። ትልልቆቹ፣ ሴቶቹም ጭምር፣ እጃቸውን እያወናጨፉ ይልፈሰፈሳሉ። ቀጥሎ ትንንሽ ልጃገረዶች ይመጣሉ። ያንኑ ሲጠየቁ ባላቸው ጉልበት ሁሉ ይሮጣሉ። ያን ያየ ሰው ልቡ ይነካል፤ ገበያ የሚያመጣውም ይኸው የልብ መነካት ነው።

ነገሩ የሚሠራው እንዲህ ነው። የአንዱ ኩባንያ ሞዴስ፣ ሳሙና ወይም ሻምፑ ከሌላው ብዙም ስለማይለይ፣ ገዢዋን የሚስበው በስሙ ዙሪያ የተፈጠረው ስሜት ነው። ስለዚህ ማስታወቂያ ሠሪዎቹ ሴቶች ሁሉ የሚያውቁትን እውነተኛ ቁስል ይፈልጋሉ፦ በመልክ ማፈርን፣ የደመወዝ ማነስን፣ «ሴት ናት» ተብሎ መናቅን። ያንን ቁስል ጮክ ብለው ይናገሩላታል፤ መጨረሻ ላይ የኩባንያው ስም ይመጣል። የተናገሩት እውነት ስለሆነ እናት ለልጇ፣ እህት ለእህቷ ትልከዋለች፤ ኩባንያው ለዚያ ሥርጭት ሳንቲም አይከፍልም። ሴቶች በስንት ትግል ያገኙት ክብርና አመኔታ ወደ ዕቃው ስም የሚሻገረው በዚህ መንገድ ነው።

ዘዴው የቆየ ነው። እ.ኤ.አ. በ1929 አሜሪካ ውስጥ ሴት በአደባባይ ስታጨስ መታየት ነውር ነበር። ለአሜሪካን ቶባኮ ኩባንያ ግን ይህ ነውር ግማሹን ገበያ የዘጋ በር ነበር። ኩባንያው የቀጠረው የሕዝብ ግንኙነት ባለሙያ ኤድዋርድ በርኔይስ አንድ የሥነ ልቦና ሐኪም አማከረ፤ ሐኪሙም ሲጋራ ለሴቶች «የነጻነት ችቦ» ሊሆን እንደሚችል ነገረው። በዚያ ዓመት የፋሲካ ዕለት፣ በኒውዮርክ አምስተኛው ጎዳና፣ አስቀድመው የተመለመሉ ወጣት ሴቶች በሕዝቡ መሃል ሲጋራ ለኮሱ። ጋዜጦች ወሬውን እንደ ሴቶች የመብት ጥያቄ አድርገው ዘገቡት። ከጀርባው ሲጋራ ሻጭ እንዳለ አንባቢው ስላላወቀ የሚቆጣበት ምክንያት አልነበረውም። እ.ኤ.አ. ከ1987 ጀምሮ አሜሪካውያት ሴቶችን በመግደል የሳንባ ካንሰር ከጡት ካንሰር በልጧል። ይህን ሁሉ አንድ ሰልፍ አመጣው አይባልም፤ ሲጋራን ከሴት ልጅ ነጻነት ጋር የሚያጣምረው ማስታወቂያ ግን ከዚያ በኋላም ለአሥርት ዓመታት ቀጥሏል።

ዛሬም አሠራሩ ያው ነው። የተለወጠው ተመልካቹ የኩባንያውን ጓዳ ማየት መቻሉ ነው።

እ.ኤ.አ. ማርች 7 ቀን 2017፣ በሴቶች ቀን ዋዜማ፣ ስቴት ስትሪት የተባለው ግዙፍ የኢንቨስትመንት ኩባንያ በኒውዮርክ የገንዘብ ተቋማት ሰፈር፣ ከታወቀው የነሐስ ኮርማ ፊት ለፊት፣ የአንዲት ትንሽ ልጅ ሐውልት አቆመ። «ፍርሃት የለሿ ልጃገረድ» ተባለች፤ የቀራጺዋ የክሪስተን ቪስባል ሥራ ናት። እጆቿን ወገቧ ላይ አድርጋ፣ አገጯን ቀና አድርጋ ኮርማውን ትመለከት ነበር። ወላጆች ሴት ልጆቻቸውን ይዘው ፎቶ ሊነሡ ጎረፉ። ከእግሯ ሥር የነበረው ጽሑፍ ግን በአመራራቸው ሴቶች በዛ ያሉባቸውን ድርጅቶች መርጦ ገንዘብ የሚያፈሰውን የስቴት ስትሪትን ፈንድ መለያ ስም ይዞ ነበር። የኮርማው ቀራጺ አርቱሮ ዲ ሞዲካ «ይህ የማስታወቂያ ዘዴ ነው» ሲል ተቃወመ። በዚያው ዓመት ኦክቶበር ላይ ደግሞ ሌላ ወሬ ተሰማ። የአሜሪካ የሠራተኛ መሥሪያ ቤት ኩባንያውን መርምሮ 305 ሴት ኃላፊዎች ከወንድ እኩዮቻቸው ያነሰ ተከፍሏቸዋል፣ 15 ጥቁር ኃላፊዎችም ከነጭ እኩዮቻቸው ያነሰ ተከፍሏቸዋል ብሎ ነበር። ስቴት ስትሪት በግኝቱ ባይስማማም 5 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ለመክፈል ተስማማ። ከዚያ በኋላ ልጅቷን ሲያይ ያንን ገንዘብ የሚያስብ አልጠፋም።

ብሪታንያ ውስጥ ጓዳውን የከፈተው ሕግ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2017 ወዲህ 250ና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ያላቸው ድርጅቶች የሴትና የወንድ ሠራተኞቻቸውን የክፍያ ልዩነት በየዓመቱ ይፋ ማድረግ አለባቸው። ስሌቱ ቀላል ነው። ሴቶቹን በክፍያቸው ቅደም ተከተል አሰልፉ፤ ወንዶቹንም እንዲሁ። ከየሰልፉ መሃል ላይ የቆሙት ሴትና ወንድ በሰዓት የሚያገኙትን አነጻጽሩ። ልዩነቱ የግድ ለአንድ ዓይነት ሥራ ያነሰ ተከፍሏታል ማለት አይደለም፤ ብዙውን ጊዜ ትልልቁ ወንበር በወንዶች መያዙን ያሳያል። እ.ኤ.አ. በ2022 የሴቶች ቀን አንድ በራሱ የሚሠራ የትዊተር ገጽ፣ ድርጅቶች የደስታ መግለጫ በለጠፉ ቁጥር የየራሳቸውን ልዩነት አያይዞ ይለጥፍላቸው ነበር። ስድብም አስተያየትም የለበትም፤ ቁጥሩ ብቻ። በርካቶቹ መግለጫቸውን አጠፉ።

እኔን ከሁሉ የሚያንገበግበኝ የዩኒሊቨር ኩባንያ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ በዶቭ ሳሙናው ስም «እውነተኛ ውበት» እያለ ሴቶች መልካቸውን እንዲወዱ ሲመክር፣ በሕንድ ደግሞ «ፌር ኤንድ ላቭሊ» የተባለውን ቆዳ ማንጫ ክሬም ይሸጥ ነበር። ስሙን የለወጠው በ2020 ነው። በአንድ እጅ አክማለሁ ያለውን ቁስል በሌላው እጅ ሲያቆስል ኖሯል።

እንዲህም ሆኖ እነዚህን ማስታወቂያዎች በጅምላ የሚያወግዙትን አልከተልም። እነዚያ ትንንሽ ልጆች ሲሮጡ ያየች ልጃገረድ የምታገኘው ብርታት የራሷ ነው፤ ማንም አይወስድባትም። ሴትን ከምጣድና ከልብስ ማጠቢያ ሌላ ቦታ ከማያሳየው ማስታወቂያም እጅግ ይሻላል። ሕዝቡን የሚያስቆጣው ተናጋሪው በቃሉ አለመገኘቱ ነው፤ ቁጣውም ተገቢ ነው።

እኛም ዘንድ የካቲት 29፣ ማርች 8 ሲመጣ የ«እንኳን አደረሳችሁ» መልእክት ይጎርፋል። በአገራችን የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለነፍሰ ጡር ሠራተኛ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ደመወዝ የሚከፈልበት ፈቃድ ሰጥቷል። መልእክቱ ሲደርሳችሁ በላኪው ድርጅት የምትሠራ የምታውቋትን ሴት ጠይቁ፦ ፈቃድሽን ሙሉውን አገኘሽ? ስትመለሺ የሥራ ቦታሽ ጠበቀሽ? ከኃላፊዎቻችሁ ስንቶቹ ሴቶች ናቸው? መልሷን ሳትሰሙ መልእክቱን ለማንም አታስተላልፉ።