የሚቆራረጠው ሠርግ

ጥምቀት አልፎ ዐቢይ ጾም እስኪገባ ባሉት ሳምንታት መካነ ሰላም ሠርግ በሠርግ ትሆናለች። ከወግዲ፣ ከከላላ፣ ከሳይንት ዘመድ ይሰበሰባል፤ ካሜራ ማኑ ከሙሽራው ቤት ሙሽሪት ቤት ሲመላለስ ይውላል። ጭንቁ የሚመጣው ሰንበት ብሎ ነው። ቤተሰቡ ፎቶ ቤት ገብቶ ላፕቶፕ ፊት ይቀመጣል፤ ቪዲዮው ይከፈታል። ሽማግሌዎቹ ሲመርቁ ደህና ይሄዳል። እስክስታው ሲጀመር ግን ምስሉ ይቆማል፣ ይዘላል፣ ዘፈኑ ጥሎት ይሄዳል።

«ውይ በሞትኩት! ተበላሸ እንዴ ልጄ?» ይላሉ የሙሽሪት እናት።

«አብሽሩ እማማ፤ ሠርጉ ደህና ነው። የደከመው ኮምፒውተሩ ነው» ይላል የፎቶ ቤቱ ልጅ።

ልጁ እውነቱን ነው። ቪዲዮ ተቆራረጠ ማለት አብዛኛውን ጊዜ ፋይሉ ተበላሸ ማለት አይደለም። ይህን አጥብቄ የምጽፈው፣ «ተበላሽቷል» ተብሎ ፎርማት የተደረገ ሜሞሪ ለሌላ ሠርግ ሲቀረጽበት የመጀመሪያው ሠርግ እስከ ወዲያኛው ስለሚጠፋ ነው። ስለዚህ ከምንም በፊት ሜሞሪውን ወደ ካሜራው መልሶ እዚያው ማጫወት ይገባል። ካሜራው ላይ ሳይቆራረጥ ከሄደ ፋይሉ ጤነኛ ነው። በእርግጥ የተበላሸ ፋይል ምልክቱ ሌላ ነው፦ ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ ሲደርስ አረንጓዴ ወይም ግራጫ ካሬ ይረጭበታል፣ ወይም እየተቀረጸ ሳለ ባትሪ አልቆበት ከነጭራሹ አልከፈት ይላል።

ታዲያ ኮምፒውተሩን ያደከመው ምንድን ነው? የዕድር ጸሐፊን እናስብ። በየወሩ የአባላቱን ስም ሁሉ እንደ አዲስ አይጽፍም። መስከረም ላይ ዝርዝሩን አንዴ ሙሉ ያሰፍርና ከዚያ በኋላ የገባውንና የወጣውን ብቻ ይመዘግባል። መዝገቡ ይቀጥናል፤ ነገር ግን በግንቦት አባላቱ እነማን እንደሆኑ ማወቅ የፈለገ ሰው ከመስከረም ጀምሮ ገጽ በገጽ ሲደምርና ሲቀንስ መምጣት አለበት። ካሜራም እንዲሁ ነው። በሰከንድ 25 ወይም 50 ምስል እያነሳ፣ አንዱን ሙሉ ያስቀምጣል፤ ለሚከተሉት ብዙ ምስሎች ግን የተለወጠውን ብቻ ይጽፋል። ኮምፒውተሩ ከዚህ መዝገብ እያንዳንዱን ምስል መልሶ ይገነባል። በሰከንድ 25 ምስል ሲሆን ለአንዱ ያለው ጊዜ 40 ሚሊ ሰከንድ፣ 50 ሲሆን ደግሞ 20 ሚሊ ሰከንድ ብቻ ነው። ካልደረሰበት ምስሉን ጥሎ ወደሚቀጥለው ይዘላል። ድምፁ ሥራው ቀላል ስለሆነ አይቆምም፤ ዘፈኑ የሚቀድመው ለዚህ ነው። ቪዲዮውን መሃል ላይ ጎትተን ስንለቀው ለአፍታ የሚደነዝዘውም ወደ ኋላ ሄዶ «መስከረምን» ስለሚፈልግ ነው።

መቆራረጡ እስክስታው ላይ የሚብሰውም ያለ ምክንያት አይደለም። ሽማግሌዎቹ ተቀምጠው ሲመርቁ ከምስል ወደ ምስል የሚለወጠው ከንፈርና እጅ ነው። ሃምሳ ሰው ትከሻውን ሲያንቀጠቅጥ፣ ነጠላው ሲውለበለብ፣ አቧራው ሲነሳ ግን ሁሉም ነገር በአንዴ ይለወጣል፤ በብዙ ካሜራዎችም የሚጻፈው መረጃ ያን ጊዜ ያብጣል። በቦረና ሳይንት ወረሂመኖ ብሔራዊ ፓርክ ጭላዳ የቀረጸ ሰው ይህን ያውቀዋል። የወንዱ ጭላዳ ጎፈርና ዙሪያው ያለው ሣር በደጋው ነፋስ አብረው ሲተራመሱ ለካሜራውም ለኮምፒውተሩም ፈተና ነው። የድሮው የሠርግ ካሴት እንዲህ ያለ ጣጣ አልነበረበትም። ማጫወቻው ቴፑ ላይ ያለውን እንዳለ ያነብ ነበር እንጂ ምስል በስሌት አይገነባም።

የመዝገቡ አጻጻፍ በአብዛኛው ሁለት ዓይነት መሆኑን ማወቅ ብዙ ልፋት ያድናል። ኤች.264 የሚባለው በአውሮፓውያኑ 2003 ወጣ፤ ኤች.265 ደግሞ በ2013። አዲሱ ያንኑ ጥራት በግማሽ ያህል ቦታ ይይዛል፤ ለመፍታት ግን እጅግ ይከብዳል። ስለዚህ ፕሮሰሰሮች ውስጥ ይህንኑ ብቻ የሚሠራ ልዩ ክፍል ይገባል። ያገለገለ ላፕቶፕ ሲገዛ ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ላይ ነው። «ኮር አይ 5 ነው» ይባላል፤ የትኛው አይ 5? ከስሙ ቀጥሎ ያለው ቁጥር በ4 ከጀመረ፣ ለምሳሌ 4200 ከሆነ፣ አራተኛ ትውልድ ነው፤ ኤች.264ን በደንብ ይፈታል፣ ለኤች.265 ግን ራሱን የቻለ ክፍል የለውም። ኢንቴል ያን ክፍል ያስገባው በ2015 በወጣው ስድስተኛው ትውልድ ነው፤ ቀለሙ 10 ቢት የሆነውን ለመፍታት ደግሞ ሰባተኛውን ይጠይቃል። ለቪዲዮ ሥራ ላፕቶፕ ለሚገዛ ወጣት አንድ ነገር ብቻ ብነግረው ይህን ቁጥር ነው።

በዚያ ላይ የምስሉ ስፋት አለ። ፎርኬ ማለት 3840 በ2160 ነጥብ ነው፤ በአንድ ምስል ከ8 ሚሊዮን በላይ፣ የፉል ኤችዲ አራት እጥፍ። ብዙ አሮጌ ላፕቶፖች ስክሪናቸው 1366 በ768 ስለሆነ ማሳየት የሚችሉት አንድ ሚሊዮን ያህሉን ነው። ሰባቱን ሚሊዮን ለፍተው ሠርተው ይጥሉታል። ቤተሰቡ በዚያ ስክሪን የሚያየው ሠርግ በፎርኬ መቀረጹ ለዓይን የሚጨምረው ነገር የለም።

አንዳንዴ ግን ጥፋቱ የፕሮሰሰሩ ሳይሆን የመንገዱ ነው። በሰከንድ 100 ሜጋ ቢት የሚቀረጽ ፎርኬ በሰከንድ 12.5 ሜጋ ባይት ይፈልጋል፤ በሰዓት 45 ጊጋ ባይት ይሆናል። ርካሽ ፍላሽ ወይም ያረጀ ካርድ ሪደር ይህን ፍጥነት ሳያቋርጥ ላይሰጥ ይችላል። ቪዲዮን ከፍላሽ ላይ በቀጥታ ከማጫወት አስቀድሞ ወደ ኮምፒውተሩ መገልበጥ ጥሩ ልማድ ነው።

ሁለቱን መለየት ቀላል ነው። ቪዲዮው እየሄደ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕን አንድ ላይ መጫን፤ ታስክ ማናጀር ይከፈታል። ሲፒዩው 100 ፐርሰንት ላይ ተሰቅሎ ከቀረ ስሌቱ ከብዶታል። ሲፒዩው ቀሎት ዲስኩ 100 ከሆነ መንገዱ ጠቧል። መጀመሪያ ግን ቻርጀሩ መሰካቱን ማየት ይሻላል፤ መብራት ሄዶ በባትሪ የሚሠራ ላፕቶፕ ባትሪ ለመቆጠብ ፍጥነቱን ይቀንሳል። በበጋ አቧራ የታፈነ ማራገቢያም እንዲሁ ያደርገዋል፦ ፕሮሰሰሩ ሲግል ራሱን ለማዳን ይንቀራፈፋል። መካነ ሰላም ከባሕር ጠለል በላይ 2,600 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ብርዱ ያግዛል፤ ሆኖም የደጋው ሳሳ ያለ አየር ሙቀት የመውሰድ አቅሙም ትንሽ ነው።

ማጫወቻውን መቀየርም ይረዳል። ቪኤልሲ በነጻ የሚገኝ ሲሆን መፍቻዎቹን ከራሱ ጋር ይዞ ይመጣል። በፕሪፈረንስ ውስጥ ሃርድዌር አክስለሬሽን የሚለውን ማብራት፣ ከዚያም ካልተሻለው አጥፍቶ መሞከር ነው፤ በአንዳንድ አሮጌ ማሽን ላይ ማጥፋቱ የተሻለ ሆኖ ይገኛል።

ይህ ሁሉ ካልሠራ የቀረው ቀላል ቅጂ ማዘጋጀት ነው። ሃንድብሬክ በሚባለው ነጻ ፕሮግራም ቪዲዮውን ወደ ኤች.264፣ ወደ ፉል ኤችዲ ወይም ከዚያ ዝቅ ወዳለ መለወጥ ይቻላል። ኤዲት የሚያደርጉ ሰዎችም ፕሮክሲ የሚሉትን ቀላል ቅጂ ሠርተው በእሱ ይቆርጣሉ፤ መጨረሻ ላይ የኤዲቲንግ ፕሮግራማቸው ከዋናው ያወጣላቸዋል። ዋናው ፋይል ግን ምንም ሳይነካ በሁለት ሀርድ ዲስክ ላይ ይቀመጣል፤ አንዱ ፎቶ ቤት፣ አንዱ ሙሽሮቹ ቤት። ልወጣው በደካማ ማሽን ላይ ሰዓታት ይፈጃልና መብራት ባለበት ሌሊት አስጀምሮ መተኛት ነው። ጠዋት የሙሽሪት እናት ተመልሰው ሲመጡ ቀላሉ ቅጂ ይከፈትላቸዋል፤ በዚያው አሮጌ ላፕቶፕ ላይ፣ እስክስታው ከሚጀምርበት።