ዳኛው ተገዝቷል ከማለታችን በፊት

ናይሮቢ፣ ኢስሊ አካባቢ እሁድ እሁድ በሚደረግ የወጣቶች ውድድር ላይ ያጫወተ አንድ የ22 ዓመት ልጅ፣ ጨዋታው ካለቀ በኋላ በዚያው ሳምንት መጥቶ ፊሽካውንና ካርዶቹን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠልኝ። «ጋሼ፣ ሰፈር ውስጥ እናቴን የሌባ እናት እያሏት ነው» አለኝ። ሌላ ቃል አልጨመረም። እንዲመለስ ብዙ ለመንኩት፤ እሺ አላለም።

የተከሰሰበት ውሳኔ ይህ ነው። አንድ ለአንድ ሆነው፣ ጨዋታው ሊያልቅ ጥቂት ደቂቃ ሲቀረው፣ ከቀኝ መስመር የተሻማች ኳስ የተከላካዩን ጭን መታችና ተፈናጥራ ክንዱን ነካች። ክንዱ ከጎኑ ጋር ተጣብቋል። ልጁ ስምንት ሜትር ያህል ርቆ፣ ኳሷንም ተከላካዩንም በጎን በኩል እያየ ነበር። ሁለት እጁን ወደ ፊት ዘርግቶ «ቀጥሉ!» አለ። በዚያው በመልሶ ማጥቃት ሁለተኛው ግብ ገባ። ማዶ፣ ከተከላካዩ ጀርባ የቆሙት ደጋፊዎች ጭኑን አላዩትም፤ ያዩት ክንዱን ብቻ ነው። በግምገማ ቅጼ ላይ ለቦታ አያያዙ የሰጠሁትን ያህል ከፍተኛ ነጥብ በዚያ ውድድር ለማንም አልሰጠሁም። ማምሻውን ግን ልጁ አርብ ዕለት ከተጋጣሚው ቡድን አሠልጣኝ ጋር ማኪያቶ ሲጠጣ ታየ የሚል ወሬ ተነሣ። ሰኞ ማኪያቶው ገንዘብ ሆነ። ማክሰኞ የገንዘቡ መጠን ሳይቀር ይነገር ነበር።

ዳኞችን ማሠልጠንና መገምገም ሥራዬ ስለሆነ ይህን ክስ ከሐበሻውም ከኬንያዊውም ደጋፊ እሰማለሁ። ኪሊማኒ ባለው የሐበሻ ምግብ ቤት፣ ማታቱ ውስጥ፣ የእንግሊዝ ጨዋታ በሚታይባቸው አዳራሾች ክርክሩ አንድ ነው። «ዳኛው ተሳስቷል» የሚል ሰው እየጠፋ ሄዷል። ለሁሉም ነገር «ተገዝቷል» ነው መልሱ። ናይሮቢ ውስጥ መንገድ ላይ «ምዊዚ!» (ሌባ!) ብሎ መጮህ ምን እንደሚያስከትል ነዋሪው ሁሉ ያውቃል፤ አላፊ አግዳሚው ሳይጠይቅ ድንጋይ ያነሣል። ያንኑ ጩኸት ከመጓጓዣ ብዙም በማይተርፍ አበል የሚያጫውት ልጅ ላይ ሲለቁት ስሰማ ደሜ ይፈላል።

«ታዲያ የሚገዛ ዳኛ የለም ልትለን ነው?» ይሉኛል። አለ እንጂ። በስም እጠራዋለሁ።

እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 2016 ፖሎክዋኔ ላይ ደቡብ አፍሪካና ሴኔጋል ለሩሲያው የዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ሲገናኙ ጋናዊው ዳኛ ጆሴፍ ላምፕቴ ኳስ የካሊዱ ኩሊባሊን ጉልበት ነክታ ሳለ በእጅ ተነካች ብሎ ፍጹም ቅጣት ምት ሰጠ። ደቡብ አፍሪካ 2 ለ 1 አሸነፈች። የሴኔጋል ደጋፊ ጮኸ፤ ጩኸቱም ልክ ነበር። ላምፕቴ ዕድሜ ልኩን የታገደው ግን ስለተጮኸበት አይደለም፤ በጣም ስለተሳሳተም ብቻ አይደለም። በጨዋታው ስንት ግብ ይገባል በሚለው ላይ የተወራረደው ገንዘብ ከወትሮው መንገድ ወጥቶ ነበር፤ ያ የገንዘብ እንቅስቃሴና የዳኛው የተሳሳቱ ውሳኔዎች ጎን ለጎን ሲቀመጡ ገጠሙ። የስፖርት ግልግል ፍርድ ቤቱ ቅጣቱን ያጸናው ይህንን አይቶ ነው። ጨዋታው በ2017 እንደገና ተደርጎ ሴኔጋል 2 ለ 0 አሸነፈችና ለዓለም ዋንጫው አለፈች። እንግዲህ ያ ውሳኔ ብቻውን ቢሆን ኖሮ ላምፕቴ ደካማ ዳኛ ተብሎ ይቀር ነበር። ሌባነቱን የተናገረው የውርርድ መዝገቡ ነው።

ሁለተኛው የዚሁ የምንኖርበት አገር ሰው ነው። ኬንያዊው ረዳት ዳኛ አደን ማርዋ ለ2018 የዓለም ዋንጫ ተመርጦ ሊሄድ በተዘጋጀበት ሰሞን፣ ጋናዊው ጋዜጠኛ አናስ አረመያው አናስ በሠራው ድብቅ ምርመራ ውስጥ 600 ዶላር ሲቀበል የሚያሳይ ምስል ወጣ። ሩሲያ ሳይደርስ ቀረ። እሱንም ያጋለጠው ባንዲራውን ያነሣበት ወይም ያላነሣበት ቅጽበት ሳይሆን ካሜራ ነው።

እስካሁን የዳኞችን ነገር አነሣሁ። ኬንያ ውስጥ በማጭበርበር የተቀጡትን ሰዎች ዝርዝር ያየ ሰው ግን ከዳኛ ይልቅ ተጫዋች ያገኛል። በ2019 ፊፋ የብሔራዊ ቡድኑን የቀድሞ ተከላካይ ጆርጅ ኦዊኖን ከሲንጋፖሩ አጭበርባሪ ዊልሰን ራጅ ፔሩማል ጋር በነበረው ግንኙነት 10 ዓመት አገደው። በ2020 ሦስት ኬንያውያን ተጫዋቾች ለአራት ዓመት፣ አንድ ኡጋንዳዊ ደግሞ ለዕድሜ ልኩ ታገዱ። በ2021 ዙ የተባለው የኬሪቾ ክለብ በጨዋታ ማጭበርበር ምክንያት ከፕሪሚየር ሊጉ ተባረረ። እነዚህ ሰዎች የተቀጡባቸው ጨዋታዎች ማንም ጉሮሮው እስኪዘጋ የጮኸባቸው አይደሉም። የሚያጭበረብር ሰው ሕዝብ ከሞላበት ደርቢ ይልቅ ተመልካች የሌለበትን የሳምንት መሐል ጨዋታ ይመርጣል። ማን ያሸንፋል ከሚለው ይልቅም ስንት ግብ ይገባል በሚለው ላይ ነው የሚወራረደው። ለዚያ ደግሞ አንድ ግማሽ እርምጃ የዘገየ ተከላካይ፣ አንድ ኳስ ያመለጠችው በረኛ ይበቃዋል። ተከላካይ ሲዘገይ «ዛሬ ደክሞታል» እንላለን። ደሞዙ ለወራት የተያዘበት የትንሽ ክለብ ተጫዋች፣ ደጋፊው ሁሉ ስልኩ ላይ በኤም-ፔሳ በሚወራረድበት አገር፣ ምን ዓይነት ሰው በምን ሰዓት እንደሚደውልለት ማሰብ ትተን ዳኛው ላይ እንፈጥጣለን። እኔን የሚያንገበግበኝ ይህ ነው። ሁሉም ሰው ሌባ በተባለበት ሜዳ እውነተኛው ሌባ ተመችቶት ይኖራል።

እኛ ኢትዮጵያውያን ይህን ከማንም በላይ ልናውቀው ይገባን ነበር። ሰኔ 9 ቀን 2005 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ደቡብ አፍሪካን 2 ለ 1 ስናሸንፍ፣ ጌታነህ ከበደ አቻ አድርጎን በርናርድ ፓርከር በራሱ ግብ ላይ ሲያስቆጥር፣ ለብራዚሉ የዓለም ዋንጫ የመጨረሻው ማጣሪያ ደረስን ብሎ አገሩ ሁሉ አደባባይ ወጣ። በዚያው ቀን ፊፋ ምርመራ መክፈቱን አስታወቀ። ምንያህል ተሾመ በሁለት የማጣሪያ ጨዋታዎች ሁለት ቢጫ አይቶ ማረፍ ሲገባው፣ ሰኔ 1 ቀን ሎባትሴ ላይ ከቦትስዋና ጋር ተሰልፎ ነበር። ቦትስዋናን 2 ለ 1 ያሸነፍንበት ጨዋታ 3 ለ 0 ተሸንፋችኋል ተባለ፤ ሦስት ነጥብ ሄደ። ያን ሰሞን ናይሮቢም ሆነ አዲስ አበባ የነበረውን ወሬ አስታውሳለሁ፤ ሴራ ነው፣ ትልቅ አገር እንዲያልፍ ተፈልጎ ነው ይባል ነበር። ፊፋ በዚያው ጊዜ ቶጎንና ኢኳቶሪያል ጊኒን በተመሳሳይ ጥፋት እየመረመረ መሆኑን የሚያነሣ አልነበረም። ሴራው የት እንዳለ ሲፈለግ የተገኘው ቢጫ ካርድ የሚቆጥር ሰው የጠፋበት የራሳችን ቢሮ ነው፤ ፌዴሬሽኑም ስህተቱን አምኗል። የአሠልጣኝ ሰውነት ቢሻው ልጆች ጳጉሜን 2 ቀን ብራዛቪል ላይ መካከለኛው አፍሪካን 2 ለ 1 አሸንፈው ምድቡን በ13 ነጥብ ባይጨርሱ ኖሮ በ11 ነጥብ ከኋላችን የነበረችው ደቡብ አፍሪካ ታልፍ ነበር። ዛሬም ድረስ ያንን ቅጣት «የተሠራብን ደባ» የሚሉ ሰዎች ያጋጥሙኛል፤ የቀን መቁጠሪያውን አውጥቼ ጨዋታ በጨዋታ አስረዳቸዋለሁ፤ ያዳምጡኛል፤ በሚቀጥለው ሳምንት ያንኑ ይደግሙታል።

ስለ ካርድ ካነሣሁ አይቀር፣ «ለእኛ አራት ቢጫ ለእነሱ አንድ» የሚለው አቤቱታ ከሁሉ በላይ ያደክመኛል። ካርድ ለሁለቱ ቡድን እኩል የሚታደል ራሽን አይደለም። ኳስ የተቀማ ቡድን ሲያሳድድ ይውላል፤ ሲያሳድድ ይጎትታል፤ ሲጎትት ቢጫ ያያል። የካርድ ቁጥር ይዞ ለመክሰስ የሚመጣ የቡድን መሪ በየትኛው ደቂቃ፣ በየትኛው ጥፋት ላይ ካርዱ እንደማይገባ አንድ በአንድ ቢነግረኝ ቁጭ ብዬ እሰማዋለሁ። እስካሁን ቁጥሩን ብቻ ነው የሚያመጡልኝ።

የናይሮቢ ሰው ማርች 18 ቀን 2012ን አይረሳም። ኒያዮ ስታዲየም ጎር ማሂያና ኤ.ኤፍ.ሲ. ሌፐርድስ ሲጫወቱ የጎሩ አሊ አቦንዶ በአሞን ሙቺሪ ላይ በሠራው አደገኛ ጥፋት ቀይ ካርድ አየ። ሁከት ተነሣ፤ ጨዋታው ከ26 ደቂቃ በላይ ቆመ። ስለዚያ ቀን የሚከራከሩ የሁለቱም ክለብ ደጋፊዎች አሉ፤ ጥፋቱን ራሱን፣ እግሩ የት እንዳረፈ የሚያነሣ ግን በመካከላቸው አንድ አልገጠመኝም። ክርክሩ ሁሉ ዳኛው የማን ወገን ነበር የሚል ነው።

ይህ ክስ ሌላም መልክ አለው። በኦገስት 2025 የቻን ውድድር ካሳራኒ ላይ ኬንያ ሞሮኮን 1 ለ 0 ስታሸንፍ፣ ሪያን ኦጋም አግብቶ፣ ክሪስፒን ኤራምቦ ከዕረፍት በፊት በቀይ ወጥቶ፣ አሥር ሰው ሆነው ሙሉውን ሁለተኛ አጋማሽ ተከላክለው ነው የወጡት። ያኔ ዳኛው ቪዲዮ አይቶ የሰጠውን ቀይ ካርድ ማንም የተገዛ ነው አላለም፤ ተሸንፈው ቢሆን ኖሮ ምን እንደሚባል አውቃለሁ። ደጋፊ በር ጥሶ ስለገባ ካፍ ለዛምቢያው ጨዋታ የተመልካቹን ቁጥር 27,000 ላይ ሲገድበው ግን «ሞሮኮን ስላሸነፍን ነው» ሲባል በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ትኬት ሳይዝ አጥር የዘለለውን ጎረቤቱን የወቀሰ አልሰማሁም።

ሜዳ ላይ በዓይን የሚታይ ማጭበርበርስ? እሱን በደንብ እናውቀዋለን፤ የምንጠላው ግን የተቃራኒው ቡድን ሲሠራው ነው። በኖቬምበር 2018 የአፍሪካ ሻምፒዮንስ ሊግ ፍጻሜ እስክንድርያ ላይ የአል አህሊው ዋሊድ አዛሮ ተከላካይ የጎተተው ለማስመሰል ማልያውን በገዛ እጁ ቀደደ። ካሜራ ያዘው። አል አህሊ 3 ለ 1 አሸነፈ፤ ካፍ አዛሮን ሁለት ጨዋታ ቀጣው። የራሳችን ባምላክ ተሰማ በመራው የመልስ ጨዋታ ኤስፔራንስ ራደስ ላይ 3 ለ 0 አሸንፎ ዋንጫውን ወሰደ። አዛሮን የሚያወግዝ ደጋፊ በየሳምንቱ የራሱ አጥቂ ሳይነካ ወድቆ ፍጹም ቅጣት ምት ሲያገኝ ያጨበጭባል። «ብልጥ ነው» ይለዋል። ያንን ብልጠት ሲሸለምለት ያደገ አጥቂ በሃያ ዓመቱ ከውርርድ ሰው ስልክ ቢደወልለት ለምን እምቢ እንደሚል እስቲ የሚያስረዳኝ ይምጣ።

ዳኞችም ዝም ማለታችን ለወሬው ቦታ ሰጥቶታል፤ ይህን አልክድም። ፊፋ በ2023ቱ የሴቶች የዓለም ዋንጫ ዳኞቹ ቪዲዮ ካዩ በኋላ ውሳኔያቸውን በማይክሮፎን ለስታዲየሙ እንዲናገሩ አድርጓል። እኛ ማይክሮፎንም ቪዲዮም የለንም። ገምጋሚው የሚሞላው ቅጽ ግን አለን፤ በእሱ ላይ የዳኛው ቦታ፣ የኳሷ አቅጣጫ፣ ካርዱ የተሰጠበት ምክንያት ተጽፎ ይገኛል። ዛሬ ቅጹ ፋይል ውስጥ ገብቶ ይቀራል። ጨዋታው ባለቀ ማግስት አንድ አንድ ቅጂ ለሁለቱም ቡድን መሪዎች እንዲሰጥ፣ ማጭበርበር አለ የሚል ቡድንም ያየውን፣ የሰማውንና ከማን እንደሰማ ጽፎ ፈርሞ እንዲያስገባ ለኢስሊው ውድድር አዘጋጆች ሐሳብ አቅርቤአለሁ። ስሙን ሳይጽፍ የሚከስ ሰው ክሱ እንዳይታይለትም ጨምሬበታለሁ። መልሱን እየጠበቅሁ ነው።