የአጥቢያችንን ታሪክ ማን ይንገረን?

ከአስኮ ተነስቶ ቡራዩን አቋርጦ ወደ አምቦ የሚወስደው መንገድ ለብዙዎቻችን የታክሲ ወረፋና የመኪና መጨናነቅ ማለት ነው። ልጆቻችን የሚማሩበትን ትምህርት ቤት፣ ዳቦ ቤቱንና ፋርማሲውን አሳምረው ያውቃሉ። በሰፈራቸው ያለው ቤተ ክርስቲያን መቼ እንደተተከለ፣ ቦታውን ማን እንደሰጠ፣ የመጀመሪያው ሕንፃ ምን ይመስል እንደነበር ብንጠይቃቸው ግን መልስ የላቸውም። እኛ ወላጆችም ብንጠየቅ ከእነሱ ብዙ አንሻልም።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። ዛሬ በሸገር ከተማ ሥር ባለችው ቡራዩ ከምንኖረው ብዙዎቻችን ከመሃል አዲስ አበባ ወይም ከሌላ ክፍለ ሀገር የመጣን ነን። ቤት ሠራን፣ ዕድር ገባን፣ ልጅ አሳደግን። የአካባቢውን ታሪክ ግን ከነባሮቹ ገና አልተረከብንም።

ስም ራሱ ታሪክ ነው

ለአዲስ አበባ ውሃ የሚያቀርበውን የገፈርሳ ግድብ የማያውቅ የቡራዩ ነዋሪ አይገኝም። "ገፈርሳ" በአፋን ኦሮሞ ጎሽ ማለት መሆኑን ስንቶቻችን ለልጆቻችን ነግረናል? የወንዝ፣ የጋራና የሜዳ ስሞች ከሕንፃዎቹ ሁሉ ይቀድማሉ። የአጥቢያን ታሪክ ለማወቅ የሚነሳ ቤተሰብም ከስም ቢጀምር መልካም ነው።

ሥራቸው የተለወጠ ሁለት ቤተ መንግሥቶች

ከቡራዩ በአምቦ መንገድ ስንቀጥል ሆለታን እናገኛለን። እዚያ የነበረው የዳግማዊ ምኒልክ ቤተ መንግሥት ከጣሊያን ወረራ ጥቂት ቀደም ብሎ በስዊድን መኮንኖች የሚመራ የጦር ትምህርት ቤት ሆነ። ከዚያ ከወጡት ወጣቶች መካከል በወረራው ዘመን ከጥቁር አንበሳ አርበኞች ጋር የተሰለፉ አሉ።

ከአዲስ አበባ 55 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው አዲስ ዓለም ደግሞ ከዚህም የሚገርም ታሪክ አላት። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከተቆረቆረች በኋላ ሕዝቧ በፍጥነት በዛ። በዙሪያዋ የነበረው ጽድና ወይራ ለማገዶና ለቤት መሥሪያ እየተቆረጠ አለቀ። እንጨት ሲጠፋ ከተማን ወደ ሌላ ቦታ ማዛወር በዘመኑ እንግዳ ነገር አልነበረም። ንጉሠ ነገሥቱም በ1890ዎቹ መጀመሪያ በኤጀሬ አዲስ መናገሻ ለመቆርቆር ተነሱ፤ ስሟንም አዲስ ዓለም አሏት።

ዝውውሩ ግን አልተፈጸመም። ከአውስትራሊያ የመጣው ባሕር ዛፍ በአዲስ አበባ ቶሎ ቶሎ እያደገ የማገዶውን ችግር አቃለለ። መናገሻዋም ባለችበት ጸናች። በአዲስ ዓለም ኮረብታ ላይ ለቤተ መንግሥት የታሰበው ሕንፃ ወና ሆኖ እንዲፈርስ አልተተወም፤ ቤተ ክርስቲያን ሆነ። አዲስ ዓለም ማርያም ዛሬም በግድግዳ ሥዕሎቿና ከነገሥታት የተበረከቱ ንዋያተ ቅድሳት በሚታዩበት ሙዚየሟ ትታወቃለች።

አስቡት፤ የአንዲት ቤተ ክርስቲያን ታሪክ ስለ ማገዶ፣ ስለ ባሕር ዛፍ፣ አዲስ አበባ ለምን ዛሬ ባለችበት እንደቀረች ጭምር ይነግረናል። ይህን የሚያስተላልፍ ሰው ባይኖር ኖሮ ሕንፃው ለመንገደኛ አንድ ያረጀ ቤት ብቻ ይሆን ነበር።

ሌሎች እንዴት ያዙት?

በእንግሊዝ አገር እያንዳንዱ የገጠር አጥቢያ የተጠመቀውን፣ ያገባውንና የተቀበረውን ሰው ስም በመዝገብ እንዲጽፍ የታዘዘው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1538 ነው። በ1899 ደግሞ የአገሪቱን አጥቢያዎች ታሪክ፣ ከነሕንፃዎቻቸው፣ በየአውራጃው አጥንቶ ለማሳተም ሥራ ተጀመረ። ያ ሥራ ከመቶ ዓመት በኋላም ገና አላለቀም። እኛም ዘንድ ከብራና መጻሕፍት ኅዳግ ላይ የስጦታና የርስት ማስታወሻ የመጻፍ የቆየ ልማድ አለ። ብዙው የአጥቢያ ታሪክ ግን የሚገኘው በአዛውንት አእምሮ ውስጥ ነው። አዛውንቱ ሲያርፉ አብሮ ይቀበራል።

"አዲስ እንሥራ" ሲባል

ምዕመን ሲበዛ አሮጌው ቤተ ክርስቲያን ይጠባል። ሰፊ ሕንፃ መፈለግ ተገቢ ነው፤ በጸሎት ጊዜ ዝናብ ላይ መቆም የሚወድ የለም። ችግሩ ገንዘብ ከተሰበሰበ በኋላ የጭቃና የእንጨቱ ክብ ሕንፃ ሳይለካ፣ ፎቶ ሳይነሳ፣ በአንድ ሳምንት ሲፈርስ ነው። ቅኔ ማሕሌቱ፣ ቅድስቱና መቅደሱ በክብ ተከታትለው የተሠሩበት ጥበብ፣ በግቢው የቆሙት የጽድ ዛፎች፣ ሁሉም አንዴ ከሄዱ አይመለሱም። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቅርስ የሆነን ነገር ለመጠገን አስቀድሞ የባለሥልጣኑን ፈቃድ ማግኘት እንደሚያስፈልግ ይደነግጋል። ስለዚህ በሰበካ ጉባኤ ስብሰባ ላይ "ከማፍረሳችን በፊት ባለሙያ ይየው" ብሎ መናገር ግንባታን መቃወም አይደለም።

ከልጆች ጋር እንዴት እንጀምር?

ወጪ የለውም። አንድ ደብተርና አንድ ስልክ ይበቃል።

• አስተዳዳሪውን ወይም ሰበካ ጉባኤውን አስቀድማችሁ አስፈቅዱ። በቅዳሴ ሰዓት ፎቶ አታንሱ።

• ለአካባቢው ነባር አባትና እናት አምስት ጥያቄ ያዙ፦ ቦታው በፊት ምን ይባል ነበር? ታቦቱ መቼ ገባ? መሬቱን ማን ሰጠ? የመጀመሪያው ጣሪያ ሣር ነበር ወይስ ቆርቆሮ? ደወሉ ከየት መጣ?

• ፈቃደኛ ከሆኑ ድምፃቸውን ቅዱ። አፋን ኦሮሞ የሚቀልላቸው ከሆነ በአፋን ኦሮሞ ይንገሯችሁ።

• ልጆች የሕንፃውን ቅርጽና የትልልቆቹን ዛፎች ቦታ በሥዕል ይንደፉ። ከሥሩ ቀንና የተናጋሪውን ስም ይጻፉ።

• አንዱን ቅጂ ለደብሩ ጽሕፈት ቤት ስጡ።

በሰፈራችሁ ያለው የቆየ መስጊድ ወይም የወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያን ቢሆንም መንገዱ ያው ነው። በእረፍት ቀን መኪና ወይም ሚኒባስ ይዛችሁ እስከ አዲስ ዓለም ብትዘልቁ ልጆቹ የተሟላ ምሳሌ ያያሉ። ይሁንና በራችሁ ላይ ያለው አጥቢያ ይቀድማል፤ የአዲስ ዓለምን ታሪክ ሌሎች ጽፈውታል፣ የእናንተን አጥቢያ ግን የጻፈው ላይኖር ይችላል።