ቁልቋል ካክተስ አይደለም፤ ኦሞም ባዶ በረሃ አይደለም

ከማጂ ደጋ ወደ ኦሞ ብሔራዊ ፓርክ የሚወርድ መንገደኛ ቁልቋል ሥር ቆሞ ፎቶ ሳይነሳ አይመለስም። ከፎቶው ሥር የሚጽፈውም አብዛኛውን ጊዜ «ግዙፍ ካክተስ» ብሎ ነው። መልኩ በእርግጥ ያሳስታል። በፊልም የምናየው የአሪዞናው ሳጓሮ እንዲሁ ክንዶቹን ወደ ሰማይ የዘረጋ፣ ጎድኑ የወጣና እሾሃም ነው። ሁለቱን ግን አንድ ያደረጋቸው ድርቅ እንጂ ዝምድና አይደለም፤ ውሃ በግንድ ማጠራቀምን፣ ቅጠልን መተውንና በእሾህ መከላከልን በየፊናቸው ደረሱበት።

ካክተስ የአሜሪካ አህጉር ተክል ነው። የእኛው በለስ እውነተኛ ካክተስ ነው፤ እሱም ቢሆን ዘሩ ከሜክሲኮ ሲሆን ወደ ትግራይ የገባው በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ነው። ሰው ሳይተክለው በአፍሪካ የሚገኘው ካክተስ አንድ ዝርያ ብቻ ሲሆን፣ እሱ ደግሞ የሚኖረው እርጥብ ደን ውስጥ ዛፍ ላይ ተንጠልጥሎ ነው። በረሃ ወርዶ የአፍሪካ ካክተስ የሚፈልግ ሰው እንግዲህ መንገዱን ስቷል።

ቁልቋል የቅንጭብ ወንድም ነው። ቤተሰቡን ሰፋ አድርገን ካየነው ደግሞ ለቡና ጥላነት የምናውቀው ብሳና፣ ጉሎና ካሳቫም ዘመዶቹ ናቸው። ለመለየት ጠጋ ብሎ እሾሁን ማየት ይበቃል። በካክተስ ላይ እሾህ የሚወጣው ከትንሽ ጸጉራም ነጥብ ላይ በእቅፍ ነው፤ በቁልቋል ላይ ግን በጎድኑ ጠርዝ ጥንድ ጥንድ ሆኖ ይሰለፋል። ቁልቋል ሲጫር ደግሞ ወተት የመሰለ ነጭ ፈሳሽ ወዲያው ይንጠባጠባል።

«የተጠማ መንገደኛ ግንዱን ቆርጦ ይጠጣል» የሚለው ወሬ ከሁሉም ይበልጥ ያሳስበኛል፤ ሰውን ሊጎዳ ይችላልና። የቁልቋል ወተት መርዝ ነው። ቆዳ ያቃጥላል፣ አፍና ጉሮሮ ይልጣል፣ ዓይን ውስጥ ከገባ ብርሃን እስከማሳጣት ይደርሳል። ዓይን ከነካ ሳያሹ በብዙ ንጹሕ ውሃ ደጋግሞ ማጠብና ሳይውሉ ሳያድሩ ጤና ጣቢያ መሄድ ነው። የሳጓሮውም ግንድ ቢሆን የውሃ በርሜል አይደለም፤ ጭማቂው መራራ ነው፣ ሆድ ያውካል። ስለዚህ ለልጆች ቁልቋል አሳይቶ «አትንኩ» ማለት ያስፈልጋል። ስም ለመቅረጽ ግንዱን በቢላ መጫርም ተክሉን መጉዳት ብቻ ሳይሆን ራስንም አደጋ ላይ መጣል ነው።

ሳጓሮን በተመለከተ እድገቱን ብዙዎች ፈጣን አድርገው ይገምቱታል። በአስር ዓመቱ ገና ከጣት አያልፍም፤ ክንድ የሚያወጣው አብዛኛውን ጊዜ ከ50 እስከ 75 ዓመቱ ባለው ጊዜ ነው፤ 150 ዓመት ያለፈው በርካታ ነው። በአሪዞና ቱሳን ከተማ አጠገብ ያለው የሳጓሮ ስፍራ እነዚህን ተክሎች ለመጠበቅ በ1933 እ.ኤ.አ. ተከልሎ በ1994 ብሔራዊ ፓርክ ሆኗል፤ አንዱ ቢቆረጥ ቆራጩ ምትኩን በዕድሜው አያየውም።

«ኦሞ በረሃ ነው፤ እዚያ ምን አለ?» የሚለውን ሌላ ወሬ ደግሞ ከሚዛን ተፈሪ እስከ ቴፒ እንሰማዋለን። ሙቀቱ እውነት ነው። ማጂ ከ2,000 ሜትር በላይ ስትሆን፣ የኦሞ ወንዝ ዳር ከ500 ሜትር በታች ይወርዳል። ፓርኩ ግን 4,068 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሸፍን የሣር ሜዳ፣ የግራር ቁጥቋጦና የወንዝ ዳር ደን ነው። ቀንዱ የተጠማዘዘው ግዙፉ ኢላንድ፣ ጎሽና ቀጭኔ መኖሪያቸው ይህ ሣር ነው። ቁልቋልም ቢሆን አሸዋ አይመርጥም። የሣር ቃጠሎ ስለሚገድለው እሳት በማይደርስበት ድንጋያማ ተዳፋትና ኩይሳ ላይ ይበረክታል።

ባዶም አይደለም። የሱሪ፣ የሜኒት፣ የኛንጋቶምና የሙርሲ ሕዝቦች በፓርኩ ውስጥና ዙሪያ ከብት ያረባሉ፣ ማሽላ ይዘራሉ፤ ከላይ በማጂ ደጋ ዲዚዎች አሉ። በታችኛው ኦሞ ኪቢሽ በ1967 እ.ኤ.አ. የተገኘው የሰው ቅሪተ አካል ዕድሜም በ2022 በወጣው ጥናት ቢያንስ 230,000 ዓመት ተብሏል። ስለዚህ ሰውን ሳያስፈቅዱ ካሜራ መደገን ነውር ነው፤ «በረሃ ውስጥ ያገኘሁት» ብሎ መጻፍም ነዋሪዎቹን ያሳንሳል።

ጉዞው በደረቁ ወራት ይሻላል። ዝናብ ሲጥል ጥቁሩ መረሬ አፈር መኪና ይውጣል፣ ወንዞቹም ይሞላሉ። የወባ መከላከያ መድኃኒትና አጎበር፣ ለገንዲ ዝንብ እጅጌ ረዥም ልብስ፣ ትርፍ ነዳጅና በቂ የሚጠጣ ውሃ ከሚዛን ተፈሪ ሳይነሱ መያዝ፣ የመንገዱንና የጸጥታውን ሁኔታም ከወረዳውና ከፓርኩ ጽሕፈት ቤት መጠየቅ ያስፈልጋል።